የአባቴ ሰባት እንቁላሎች

ባለፈው ቅዳሜ ከስድስት ኪሎ ወደ ፈረንሳይ በሚወጣ ታክሲ ውስጥ አንዲት ሴትዮ ዶሮ ይዘው ገቡ። ዝናብ ደብድቧቸዋል፤ ዶሮዋም በስብሳለች። በፌስታል ጠቅልለው አንገቷን ብቻ አውጥተውላታል። ከኋላ ወንበር አንዱ፣ «እማማ፣ ለሷም ቦታ ይያዝላት እንዴ?» ሲል ሰው ሳቀ።

«ካንተ እሷ ብትቀመጥ ይሻለኝ ነበር፤ ቢያንስ አፏን ትዘጋለች» አሉት። ሰው የባሰውን ሳቀ። እኔ መስኮቱን ለመክፈት እታገል ነበር።

የረጠበ ዶሮ እንደ አሮጌ እርጥብ ትራስ ነው የሚሸተው፤ ውስጡ ሙቀት አለው፣ ትንሽ ደግሞ ኩስ። መውረጃዬ ሳይደርስ «ወራጅ አለ» ብዬ ወረድኩና ዳገቱን በዝናብ በእግሬ ወጣሁት። ያየኝ ሰው ዶሮ የምጠየፍ ይመስለዋል። ዶሮ አልጠየፍም።

አሥር ዓመቴ ነበር። አራተኛ ክፍል ጨርሼ ክረምቱ የገባ ሰሞን ነው። ቤታችን ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ሽቅብ ነበር፤ ከበላያችን ባሕር ዛፉ፣ ከባሕር ዛፉ በላይ ኪዳነ ምሕረት። የጭቃ ቤት ናት፣ የአከራያችን የእትዬ ብርቄ ናት፤ እሳቸው ከፊት፣ እኛ ከጓሮ።

አባቴ ግንበኛ ነበር። በዚያ ዓመት ከፋሲካ በፊት ጀምሮ ሲያስለው ከረመና ሰኔ ላይ ሥራ አቆመ። ሳንባው ነው። ይህን ቃል ቤታችን ውስጥ ማንም አይጠራውም። እናቴ ለጎረቤት «ብርድ መታው» ትላለች፣ ለእትዬ ብርቄ «ብርድ መታው» ትላለች፣ ለኔም «ብርድ መታው» ትላለች። እውነቱ ከታወቀ ቤቱን ልቀቁ የምንባል መስሏት ነው። አንዷን ክፍል በመጋረጃ ለሁለት ከፍላ ከወዲያ እሱን፣ ከወዲህ እኛን አደረገች። መጋረጃውን ማለፍ ክልክል ነው። ሳህኑን ከሥር ገፋ አድርጌ እመለሳለሁ። አንዳንዴ ነፋስ መጋረጃውን ሲያነሳው ዓይን ለዓይን እንጋጫለን፤ ወዲያው ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል። የተቆጣኝ ይመስለኝ ነበር። ምን አጥፍቼ ይሆን እያልኩ እውላለሁ። የሚፈልግ ሰው ደግሞ ጥፋት አያጣም። ትንፋሹ እንዳይደርስብኝ ብሎ እንደሆነ የገባኝ ብዙ ቆይቶ ነው።

እናቴ አንድ መሥሪያ ቤት በፅዳት ትሠራ ነበር። ሳይነጋ ወጥታ ሲመሽ ትገባለች። ስለዚህ ቀን ቀን አባቴ የኔ ነው፤ ኪኒኑም፣ ባልዲውም፣ እንቁላሉም። ኪኒኑ በባዶ ሆድ ከሆነ ያስመልሰዋል፣ እንቁላልም ወተትም ያገኛችሁትን አብሉት ተብላ እናቴ ከጤና ጣቢያ መጥታለች። ወተቱ አልተቻለም። እንቁላሉ ግን ከጓሯችን ነበር። ሁለት ዶሮዎች ነበሩን፣ ቀይዋና ገብስማ። በተራ በተራ ስለሚጥሉ አባቴ በየማለዳው አንድ ቅቅል አያጣም። ከሱቅ አይገዛለትም ነበር። እናቴ «የፈረንጁ ውሃ ነው፣ ለበሽተኛ ጉልበት የሚሆነው የሀበሻው ነው» ባይ ናት።

ሰኔ መጨረሻ ላይ ገብስማ ታቀፈች።

አንድም እንቁላል ሳይኖራት ነው የታቀፈችው። ማድ ቤት ጥግ ያለው አሮጌ እንቅብ ውስጥ ገብታ ተጋደመች፣ ላባዋን ነፋች፣ እጄን ስሰድ ነከሰችኝ። ጉሮሮዋ ውስጥ እሳት ላይ እንደተረሳ ሽሮ የሚንተከተክ ድምፅ አለ። መጣሏንም አቆመች።

«ምን ይዛ ነው የምትታቀፈው? ምን አላት?» አለች እናቴ፣ ጫማዋን እያወለቀች። «የሱን ጉርሻ ልትነጥቀኝ! ነገ እትዬ ብርቄን ጠይቂያቸውና አስተዪያት። እሱ ያለ እንቁላል አይሰነብትም።»

ሌላው ሁሉ በጆሮዬ አለፈ፣ «አይሰነብትም» የሚለው ቀረ።

እትዬ ብርቄ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ከበረንዳቸው አይርቁም፤ ለዶሮ ነገር ግን ይነሳሉ።

«አምጫት እስቲ። በእግሯ ያዣት እንጂ! ሙሽራ ነው እንዴ የተሸከምሽው?»

ወስደው ዝናብ የሞላው በርሜል ውስጥ እስከ ክንፏ ነከሯት። ዶሮዋ አልጮኸችም። አፏን ብቻ ከፈተች።

«ሙቀት ነው ያሳበዳት። እንቁላልን ጫጩት የሚያደርገው ምን መሰለሽ? ሙቀት! እሷ ሙቀቱን ይዛ መጣያ አጥታ ነው። በቀን ሦስቴ ንከሪልኝ፤ ከዚያ ዘቅዝቀሽ ስቀያት። ትረሳዋለች።»

«ካልረሳችስ?»

«ካልረሳችማ ወጥ ትሆናለች።»

ሦስት ቀን ነከርኳት። ላባዋ ሲርስ ከሥሩ ያለችው ሌላ ዶሮ ናት፤ አጥንትና ልብ ብቻ። ልቧ መዳፌ ላይ ይደልቃል። እግሯን አስሬ ከአጥሩ እንጨት ላይ ዘቅዝቄ እሰቅላታለሁ፣ ክንፏ ይዘረጋል፣ ከምንቃሯ ውሃ ይንጠባጠባል። ስፈታት ተንገዳግዳ ትሄድና የሆነ ነገር ላይ ትተኛለች። እንቅቡን ስደብቅባት ድንጋይ ላይ ተኛች። በአራተኛው ቀን እትዬ ብርቄ ከገዛ ክንፏ አንድ ላባ ነቀሉና በአፍንጫዋ ቀዳዳ ከወዲህ ወዲያ አሳለፉት። «ይሄ ሲያሳክካት ጎጆዋን ታስታውስ እንደሆን አያለሁ» አሉ። ገብስማ ላባውን እንደ ፂም አንጠልጥላ ግቢውን ዞረች፣ ራሷን ነቀነቀች፣ ተመልሳ ድንጋዩ ላይ ተኛች።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ላባውን አወጣሁላት። ጫፉ ላይ ደም ነበረው። እዚያው ቁጢጥ ብዬ ነው ነገሩን ያሰብኩት። እንቁላል በሙቀት ጫጩት ይሆናል፤ እትዬ ብርቄ ብለዋል። ሃያ አንድ ቀን ነው፤ ይህን ሁሉም ሰው ያውቃል። ጫጩት ደግሞ ዶሮ ነው፣ ዶሮ እንቁላል ይጥላል። ስለዚህ ነሐሴ ላይ አባቴ በቀን ብዙ እንቁላል ይበላል፣ ይድናል፣ ፊቱን ወደኔ ያዞራል። ጫጩቷ ለመጣል ስድስት ወር ያህል እንደሚያስፈልጋት አላውቅም ነበር። አራተኛ ክፍል የአበባ ክፍሎችን እንጂ ይህን አላስተማሩንም።

ከቤታችን ጀርባ፣ በግድግዳውና በአጥሩ መሃል፣ ሰው በጎኑ የሚያልፍባት ክፍተት ነበረች። እዚያ የተጣለ የመኪና ጎማ አለ። የሒሳብ ደብተሬን ቀዳድጄ ጎዘጎዝኩበት፣ ቆርቆሮ ደፋሁበት፣ ሸለምጥማጥ እንዳይገባ ድንጋይ ጫንኩበት። ለእናቴ «ገብስማ ትታዋለች፣ ቆጧ ላይ ናት» አልኳት። ደክሟት ነበር፤ ማድ ቤት ገብታ አላየችም።

ቀይዋ በየሁለት ቀኑ የምትጥለውን አንድ በአንድ ወደ ጎማው ወሰድኩ። የመጀመሪያው ጠዋት ዳቦና ሻይ በመጋረጃው ሥር ሳስገባ አባቴ ሳህኑን ጎተተ።

«ዛሬ የለም እንዴ ሚሚዬ?»

«አልጣለችም።»

«እሺ የኔ እመቤት።»

እትዬ ብርቄን፣ ጓደኛዬ የምታስታቅፍ አስመስዬ ጠየቅኋቸው። «ጎዶሎ ቁጥር ነው» አሉ፤ «ሙሉ ከሆነ አይባረክም። ነጎድጓድ እንዳይገድለው ደግሞ ምስማርና ከሰል ከሥሩ ይደረጋል።» ምስማርም ከሰልም አደረግሁ። አምስት ጎዶሎ ነው። አምስት ላይ ማቆም እችል ነበር። ሰባት ፈለግሁ።

ሰባተኛውን ባስቀመጥኩ ማግሥት ቀይዋ ላባዋን መጣል ጀመረችና እንቁላሉን አቆመች። እናቴ ግን ማታ ማታ «በላ?» ትለኛለች፣ እኔም «በላ» እላለሁ፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እንደዚያ ስል ነበር። አሁን እውነቱን ባወጣ ሰባቱን የት አደረስሻቸው ልባል ነው። ውሸት ደግሞ ቀለብ ይፈልጋል። እናቴ የእንቁላሉን ቅርፊት ወቅጣ ለዶሮዎቹ የመበተን ልማድ ስለነበራት ቅርፊት ማምጣት ነበረብኝ። ከየቁርስ ቤቱ ቆሻሻ እየለቀምኩ አመድ ላይ አስቀምጥላታለሁ። ፍልሰታ ሲገባ የሰፈሩ ቁርስ ቤቶች እንቁላል መጥበስ አቆሙ፤ ለአባቴ የንስሐ አባቱ «መድኃኒቱ ነው፣ ይብላ» ብለውታል። የነከድር ቁርስ ቤት ብቻ ቀረልኝ፤ እነሱ ሙስሊም ስለሆኑ አላቋረጡም። እዚያ ድረስ በጭቃ ወርጄ እመለስ ነበር፣ ለሁለት ግማሽ ቅርፊት።

አንድ ማታ እናቴ ቅርፊቱን ወደ መብራቱ አስጠግታ አገላበጠችው።

«ይሄ የማን ነው? የኛ ቀይ እንዲህ ትጥላለች እንዴ?»

ከመጋረጃው ወዲያ ሳል መጣ፣ ከሳሉ ኋላ የአባቴ ድምፅ።

«ሰሞኑን ትልልቅ ነው የምትጥለው። የዛሬውማ አስኳሉ ሁለት ነበር። ጠገብኩ።»

«ሁለት አስኳል?» የእናቴ ፊት በራ። እንደዚያ ስትስቅ ካየኋት ቆይቼ ነበር።

በሽታው ጭንቅላቱ ላይ ወጥቶ ያልበላውን በላሁ የሚል መሰለኝ። እንዲያውም ተመቸኝ።

ኪኒኑን በሻይ ይወስደዋል፣ ትንሽ ይቆያል፣ ከዚያ ባልዲውን ሲጎትት እሰማለሁ። የምደፋው እኔ ነኝ። አንዳንድ ቀን ኪኒኑ ሳይሟሟ ባልዲው ውስጥ አገኘዋለሁ፣ ቀይ ሆኖ። አመድ ደፍቼበት ወደ ጎማው እሮጣለሁ። ገብስማ በቀን አንዴ ተነስታ ጥቂት ትለቃቅምና ትመለሳለች። ቀንም በቀን እየቀለለች ሄደች። አጠገቧ ቁጢጥ ብዬ አወራታለሁ፤ ስንት ቀን እንደቀራት እነግራታለሁ። ሃያ አንደኛው ቀን መጣ። እንቁላሎቹን ጆሮዬ ላይ አድርጌ አዳመጥኩ። ምንም። ሃያ ሁለት። ሃያ አራት። ቆጠራ ተሳስቼ ይሆናል ብዬ ከአንድ ጀመርኩ።

ከዚያ በሁለተኛው ቀን አንዱ እንቁላል ፈነዳ። ሽታው ግቢውን ሞላው።

«ምን ሞቶ ነው?» እያሉ እትዬ ብርቄ ግድግዳውን ተደግፈው በዚያ ጭቃ እስከ ጀርባ መጡ። ቆርቆሮውን በከዘራቸው ገፉት። ገብስማ ተነፋችባቸው። በከዘራው ወደዚያ አሏትና አንዱን እንቁላል አንስተው ጆሯቸው ላይ ነቀነቁት።

«ውሃ ነው። አንቺ ነሽ ያስታቀፍሽ?»

ቆርቆሮውን ልመልሰው ጎንበስ አልኩ።

«አንቺን እኮ ነው! አውራ ሳይኖር ምን ሊፈለፈልልሽ ነው? የኔ አውራ ለፋሲካ ከታረደ ወዲህ እዚህ ግቢ ሌላ አውራ ዶሮ አይተሻል?»

ያኔ ነው የሰማሁት። አውራ እንደሚያስፈልግ። ሙቀቱ ብቻ እንደማይበቃ። እሳቸው ያልነገሩኝ ማንም የሚያውቀው ነገር ስለሆነ ነው።

«ይሄን ሁሉ እንቁላል! በሽተኛ ባለበት ቤት! ቆይ እናትሽ ትምጣ—»

«እትዬ ብርቄ» የሚል ድምፅ ከግድግዳው ውስጥ መጣ። እዚያው፣ ከጎማው በላይ፣ ከጭቃው ውስጥ። «እኔ ነኝ አስታቅፊ ያልኳት። እኔን ይቆጡኝ።»

እትዬ ብርቄ ግድግዳውን አዩት። «አንተ ደግሞ! ድንጋይ እንጂ ዶሮ ምን ታውቃለህ?»

«ምንም» አለ አባቴ። ሊስቅ ሞክሮ ሳል ሆነበት።

የቀሩትን ስድስቱን አንድ በአንድ ከአጥሩ ወዲያ ወደ ገደሉ ወረወሯቸው። እያንዳንዱ ሲያርፍ ይሰማል። እሳቸው ሲሄዱ ገብስማ ተመልሳ ጎማው ውስጥ ገባች፣ ላባዋን ነፋች፣ ምስማሩና ከሰሉ ላይ ተኛች።

ገብቼ መጋረጃውን አለፍኩት። ማንም አልከለከለኝም። አባቴ ብርድ ልብሱን አፉ ላይ ሳበ። ከዓይኑና ከጉንጩ አጥንት በቀር የማውቀው ነገር አልነበረውም።

«ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ስሰማት ነበር» አለኝ። «እዚህ ጆሮዬ ሥር ነው የምትንተከተከው። አንቺም ስትመጪ እሰማለሁ። ‹ሲፈለፈሉ አባዬ ይነሳል› ስትያት።»

«አውራ እንደሌለ ታውቅ ነበር?»

«አራጁ እኔ አይደለሁም እንዴ?»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርሽ እዚያ መምጣት ትተዪ ነበር።»

ከዚያ ክንዴን ያዘ። እጁ ትኩስ ነው፣ ቀላል ነው። «ለእናትሽ ግን በልቷል ነው የምንላት። ሁለታችንም። ሰማሽኝ?»

«እሺ።»

ለእንቁጣጣሽ እናቴ ገብስማን ልታርዳት ቆረጠች። መጣል ካቆመች ሾርባ ትሁነው አለች። በኛ ቤት ዶሮ የሚባርከው አባቴ ነው፤ ሴት ቢላ አታነሳም። አባቴ ሊነሳ ሞከረ። እግሩ አልጋው ጠርዝ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። እናቴ በአንድ እጇ ዶሮዋን፣ በሌላው ቢላውን ይዛ የግቢው በር ላይ ወጥታ ቆመች። እኔ ከኋላዋ ነኝ። ሰው ሁሉ አዲስ ልብሱን ለብሶ ያልፋል።

«ወንድሜ፣ እባክህ ይቺን ባርክልኝ።»

አንድ መንገደኛ ሰውዬ ቆመ። «አባወራ የለም?»

«አለ። ብርድ መቶት ነው።»

ሰውዬው በኛ ትከሻ ላይ አሻግሮ ወደ ቤቱ አየ። ከማዶ የቆሙት ሴቶችም አዩ። ወንድ ባለበት ቤት ለበዓል ቢላ ይዞ መንገድ መውጣት ምን ማለት እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። እናቴ ሦስት ወር የደበቀችው በዚያች ጠዋት አደባባይ ወጣ። እሷም አውቃዋለች፤ ዓይኗን ከመሬት አላነሳችም። ሰውዬው በስመ አብ ብሎ የገብስማን አንገት ያዘ። ክንፏን የረገጥኩት እኔ ነኝ።

ስንበልታት ከአጥንት በቀር የላትም። ሆዷን ስትከፍተው ግን እናቴ እጇ ቆመ። ትንንሽ አስኳሎች ተያይዘው ተንጠልጥለዋል፤ ትልቁ የአውራ ጣቴን ጥፍር ያህላል።

«ልትጥል ነበር» አለች። «ሳምንት ብታገሣት ኖሮ ልትጥል ነበር።»

አባቴ ከሾርባው ሁለት ማንኪያ ወሰደ። ሦስተኛውን ለእኔ ተወው።

መስቀል ሳይደርስ ሞተ። ጠዋት ነበር፣ ዝናቡም አቁሞ ነበር። ሰፈሩ ብርድ አለመሆኑን ከእንቁጣጣሽ ጀምሮ ያውቅ ነበር፤ ማንም ልቀቁ አላለንም። ድንኳኑን የዕድሩ ሰዎች ተከሉት፣ አግዳሚውን እትዬ ብርቄ ግቢ ውስጥ ደረደሩት።

በሦስተኛው ቀን ነው። ድንኳኑ በሴቶች ሞልቷል። እናቴ ድምፇ ተዘግቷል፣ ደረቷ በልዟል። አዲስ ለቀስተኛ በገባ ቁጥር ከመጀመሪያ ትጀምራለች። እኔ ከእትዬ ብርቄ አጠገብ ተቀምጫለሁ።

«አልራበውም!» አለች እናቴ። «በሽታ ገደለው እንጂ ረሃብ አልገደለውም! እኔ የሰው ቤት ሳፀዳ፣ በየማለዳው እንቁላሉን ያበላችው ይቺ ናት! ይቺ አሥር ዓመቷ! አንድ ቀን አላጎደለችበትም! ሁለት አስኳል ያለው ያበላችው ይቺ ናት!»

ሴቶቹ ሁሉ ወደኔ ዞሩ። እትዬ ብርቄ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ሳቡ፤ ወደኔ አላዩም። እጄን ፈልገው በነጠላው ሥር ያዙት፣ አጥብቀው፣ እስኪያመኝ። ለእናቴ «በቃሽ፣ በቃሽ ልጄ» አሏት።

የማላውቃቸው አንዲት ትልቅ ሴት ከወንበራቸው ተነሱ። በሰዎቹ ጉልበት መሃል አልፈው መጡና ራሴን በሁለት እጃቸው ያዙ። ግንባሬን ሳሙት።

«አባትሽን እንዳበላሽ እግዚአብሔር ያብላሽ» አሉኝ። «ከእጅሽ አይጥፋ።»

ቀና ብዬ እናቴን አየኋት። ታየኛለች። ሰው ሲመርቅሽ ዝም አይባልም ተብዬ ነው ያደግሁት፤ ያስተማረችኝም እሷ ናት።

«አሜን» አልኩ።